የአየር ጠመንጃዬ ከዘመን መለወጫ እስከ ክረምት፦ ለምን ይበትን ነበር?

በበዓል ሰሞን ኢላማ የማስተኩስበትን የአየር ጠመንጃ የገዛሁት ለዘመን መለወጫ ነበር፤ አሁን ክረምቱ ገብቷል። ባለ 4.5 ሚሊ ሜትር፣ አፈሙዙ ታጥፎ የሚጎርስ፣ በሞላ የሚሠራ የቻይና ሥሪት ነው። የፋብሪካውን ስም መጥቀስ ብዙም አይጠቅምም፤ ሰደፉ ላይ የሚለጠፈው ስም ይለያያል እንጂ ውስጣቸው የሚመሳሰል ብዙ ነው። ቋሚ ቦታዬ ኮምቦልቻ ነው፤ ለገና ደሴ፣ ለጥምቀት ሐይቅ ከተማ፣ ለዒድ ደግሞ ባቲ ይዤው ወጥቻለሁ። ማስቲካና ከረሜላ ሲያስመታ ከርሟል።

ለቸኮለ ሰው፦ ለዋጋው ሸጋ ጠመንጃ ነው። አብሮት የመጣው የማነጣጠሪያ መነጽር ግን ገንዘብ አያወጣም።

ችግሩ መበተን ነበር። በአስር ሜትር ርቀት አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ጭራሽ ከወረቀቱ ውጭ። ኢላማ የሚያስተኩስ ሰው ደግሞ በዚህ ጉዳይ ሁሌም ተከሳሽ ነው፤ የሳተ ሁሉ "ሆን ብለህ አጣመህብን ነው!" ይላል። እውነት ለመናገር የሚያጣምም አይጠፋም። እኔ ግን የማተርፈው ደንበኛው አንዴ መትቶ ሲግል ነው። ማንም በማይመታበት ጠመንጃ ፊት ማን ይሰለፋል?

ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፦ ጥይቱ ተሰብስቦ ሌላ ቦታ እያረፈ ነው ወይስ እየተበተነ? አንድ ሰው አንድ ቦታ ተቀምጦ አምስት ጊዜ ይተኩስ። አምስቱ ቀዳዳ በአንድ ብር ሳንቲም ከተሸፈነ፣ የትም ይረፍ የት፣ ጠመንጃው ጤነኛ ነው፤ ማነጣጠሪያውን ማስተካከል ይበቃል። የስኒ ማስቀመጫ የሚያክል ቦታ ከያዙ ግን ማነጣጠሪያውን አትንኩት። በሳተ ቁጥር ካቻቢቴ የሚያነሳ ሰው የተበተነውን ሲያሳድድ ይውላል።

መጀመሪያ ብሎኖቹን አየሁ። የሞላ ጠመንጃ ሲተኮስ በሞላው ተገፍቶ አየሩን የሚጨምቀው ፒስተን ወደፊት ሲወረወር ጠመንጃው ወደኋላ ይገፋል፤ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ደግሞ መልሶ ወደፊት ይመታል። ይህ የሁለት አቅጣጫ ምት ብሎን ያላላል፤ ለዚህ ያልተሠራ መነጽርንም ይገድላል። ሰደፉን ከብረቱ ጋር የሚይዙት ብሎኖች በጣት ይዞሩ ነበር። መነጽሩ (4×20 የምትባለዋ ትንሿ) በተኮሱ ቁጥር የታሰረችበት ሐዲድ ላይ ወደኋላ ትንሸራተታለች። በዚያ ላይ ለሩቅ የተሠራች ስለሆነች፣ በአስር ሜትር ዓይናችሁን ትንሽ ቀኝ ግራ ስታደርጉ በውስጧ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል ኢላማው ላይ ይሄዳል። አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት። ከዚያ ወዲህ በብረቱ ማነጣጠሪያ ነው የማስተኩሰው።

ቀጥሎ መጋጠሚያው። አፈሙዙ ሲዘጋ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ካልገጠመ ተኩሱ አንድ ቦታ ሊያርፍ አይችልም። ሞላው ተወጥሮ ሳለ አፈሙዙ አጋማሽ ላይ ሲደርስ በቦታው መቆም አለበት፤ በራሱ ክብደት ከወደቀ ማጠፊያው ላልቷል ማለት ነው። ይህን ስትሞክሩ አፈሙዙን ከእጃችሁ እንዳትለቁት፤ ሞላው ካመለጠ በጣት አይቀልድም። የእኔ ማጠፊያ ደህና ነበር። ሶፍት ቀድጄ መጋጠሚያው ላይ ጣል አድርጌ ስተኩስ ግን ሶፍቱ ብድግ አለ፤ አየሩ በጎን እየወጣ ነው። መጋጠሚያው ላይ ያለውን አሮጌ ጎሚኒ ይዤ ደሴ የቧንቧ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩና ልኩን ኦሪንግ (ቀለበት ጎሚኒ) አገኘሁለት። ሶፍቱ ከዚያ በኋላ አልተነቃነቀም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መበተኑ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ዋናው ጉድ ያለው ጥይቱ ላይ ነበር።

ጥይቱ ወገቡ የቀጠነ፣ ኋላው እንደ ቀሚስ የተከፈተ እርሳስ ነው። ሲተኮስ አየሩ ቀሚሱን ወደ ውጭ ገፍቶ አፈሙዙ ውስጥ ካለው ጠመዝማዛ ቦይ ጋር ያጣብቀዋል፤ የሚሽከረከረውም በዚያ ነው። ቀሚሱ በአንድ በኩል ከተጨፈለቀ፣ ጥይቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ አየሩ በአንድ ወገን ቀድሞ ያመልጥና ይገፋዋል። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ደግሞ ቆርቆሮው ውስጥ መንገጫገጩ ብቻ ይጨፈልቀዋል። የመስኮት መስታወት ትንሽ አጋድሜ አንድ በአንድ አንከባለልኳቸው። ጭንቅላቱ ከቀሚሱ ስለሚጠብ ጤነኛው ቅስት ሠርቶ ይዞራል፤ የተጎዳው ይንገዳገዳል። ከአንድ ቆርቆሮ የሚጣለው ብዛት አስደነገጠኝ።

ቀጥሎ ሚዛን። ጎረቤቴ ወርቅ ሠሪ ነው፤ ሚዛኑ የግራምን መቶኛ ያነባል። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው 0.53 ግራም፤ ያገኘሁት ግን ከ0.49 እስከ 0.57። "አያ፣ ለእርሳስ እንዲህ ከሆንክ ወርቅ ቢሰጥህማ እንቅልፍም የለህ" ብሎ ሳቀብኝ። በመስታወት ያለፉትንና ክብደታቸው የተቀራረበውን ለይቼ ስተኩስ ቀዳዳዎቹ ሳንቲሙ ሥር ገቡ። ኋላ የጭንቅላቱ ስፋት በሚሊ ሜትር 4.50፣ 4.51፣ 4.52 እየተባለ የተለየ የተሻለ ጥይት ሰው ከአዲስ አበባ አመጣልኝ፤ ለእኔ አፈሙዝ የተስማማው 4.52 ነው። የሚሊ ሜትር መቶኛ ቀልድ ይመስላል። ግን በኦሎምፒኩ የአስር ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር አስር ነጥብ የሚሰጠው ነጥብ ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ እነሱማ ጥይታቸውን ለጠመንጃቸው ሞክረው ነው የሚመርጡት።

ጽዳትን በተመለከተ፦ ከሐይቅ ዓሣ አጥማጆች የገዛሁትን የናይሎን ክር ከኋላ ወደ አፈሙዙ አስገብቼ ጨርቅ እጎትትበታለሁ። ዘይት የሚያፈሱ አሉ፤ ተዉ። ዘይቱ ፒስተኑ ፊት ሲጨመቅ ይቀጣጠላል፣ ጭስ ይወጣል፣ ጥይቱም አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ ይሄዳል። ባዶ መተኮስም ሞላውንና ፒስተኑን ይጎዳል፤ ልጆቹን ስከለክል ነው የምውለው።

አያያዝ ሌላ ነገር ነው። ከምንሽርና ከክላሽ ጋር ያደጉ አባቶች ትከሻቸው ላይ ግጥም አድርገው፣ አንቀው ይዘው ይተኩሱና ይስታሉ። የሞላ ጠመንጃ ጥይቱ ሳይወጣ ነው መንቀጥቀጥ የሚጀምረው፤ መዳፍ ላይ ላላ ብሎ እንደልቡ ሲንቀሳቀስ ነው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሚሆነው። ጠመንጃ ነክታ የማታውቅ ተማሪ ሦስት ከረሜላ አከታትላ ስትመታ፣ ከኋላዋ የቆሙት ጋሼ የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም። ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ ማስደገፍም ያው ነው፤ ያዘልለዋል።

"ደሴ ከፍታው ነው፣ ብርዱ ነው" የሚሉኝም አሉ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ የስድስት መቶ ሜትር ያህል ልዩነት አለ፤ አየሩም ይሳሳል። በአስር ሜትር ግን ቢበዛ ማረፊያውን ትንሽ ያዛውር እንደሆነ እንጂ አይበትንም።

ያልወደድኩት ምላጩን ነው፤ ረጅምና ከባድ ነው፣ መቼ እንደሚለቅ አይታወቅም። ማስተካከያ ብሎን አለው ቢባልም ለውጥ አላየሁበትም። ሞላው ከመጀመሪያው ትንሽ ደክሟል፤ ምትኩን እዚህ አካባቢ የሚሸጥ እስካሁን አላገኘሁም። ከሃያ ሜትር በላይም አልመክረውም።

ልትገዙ ከሆነ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሶፍትና አምስት ጥይት ይዛችሁ ሂዱ። ከኢላማው ኋላ በጨርቅ የተጠቀጠቀ ሣጥን ሳይኖር አታስተኩሱ፤ እርሳስ ጠንካራ ነገር ሲነካ ተመልሶ ዓይን ይመታል። እርሳስ በነካ እጅ ምግብ አይበላም፤ እኔ ወንበሩ ሥር የውሃ ጀሪካንና ሳሙና አስቀምጫለሁ።