ማይክ ቡስተር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብራችሁን ያዝ አድርጉ

ለፖድካስት ወይም ለዩቲዩብ ዕቃ እየሰበሰባችሁ ያላችሁ ልጆች፣ ይቺን ሳታነቡ ቴሌግራም ላይ "ቡስተር አለ?" ብላችሁ እንዳትጽፉ። ቡስተር የማይክን ድምፅ የምታጎላ ትንሽ ሳጥን ናት። እኔ 24 ሺህ ብር ከፍዬ የተማርኩትን በነፃ ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ከጓደኛዬ ጋር ፖድካስት እንጀምር ተባባልን። ገርጂ ከተከራየሁት ቤት አንዷን ክፍል ስቱዲዮ አደረግናት። ስቱዲዮ ስል ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ የሰቀልንባት ክፍል ማለቴ ነው። ማይኩን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች፤ ሹር ኤስኤም7ቢ። ያ ሁሉም ፖድካስተር አፍ ስር የምታዩት ጥቁር ወፍራም ማይክ። እዚያ ዋጋው 400 ዶላር አካባቢ ነበር። ኢንተርፌሱን (ማይኩን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን ዕቃ) ግን እዚሁ ነው የገዛሁት፤ ስካርሌት 2አይ2፣ ሦስተኛው ትውልድ፣ ያገለገለ።

ለመሞከር ማይኩን ይዤ ሄድኩ። ሻጩ ገና ሲያየው "ውይ ወንድሜ" አለኝ። "ይሄማ ያለ ቡስተር አይሰራም።"

ከመሳቢያው አንዲት ትንሽ የብረት ሳጥን አወጣ። በአንድ በኩል ማይኩ ይሰካባታል፣ በሌላው በኩል ወደ ኢንተርፌሱ ትሄዳለች። የድምፁን ጉልበት በ25 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ታሳድጋለች። ከዚያ ሄድፎን ጆሮዬ ላይ አድርጎ "አውራ" አለኝ። አወራሁ። ድምፄ ሩቅ ነው፣ ደካማ ነው። ሳጥኗን መሃል ላይ ሰካና "አሁንስ?" አለ። ድምፄ ግንባሬ ላይ ፈነዳ! ከሬዲዮ የምሰማው ሰውዬ የሆንኩ መሰለኝ። ጓደኛዬን አየሁት፣ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ከፈልኩ።

እዚች ጋ ትንሽ ቆም በሉ፣ ሽወዳው ያለው እዚሁ ነውና። ሻጩ ሳጥኗን ሲሰካ የኢንተርፌሱን ጌይን (የድምፅ ማጉያ ቁልፉን) አልነካውም። ቁልፉ መጀመሪያም ግማሽ ላይ ነበር፣ በኋላም ግማሽ ላይ። ስለዚህ የሰማሁት ጥራት ሳይሆን ጩኸት ነው። ጆሮ ደግሞ ሞኝ ነው፤ ጮክ ያለውን ሁሉ የተሻለ ይመስለዋል። ሳጥኗን ነቅሎ ቁልፉን ወደ ቀኝ ቢያዞረው ያው ድምፅ ይመጣ ነበር። እኔም አልጠየቅኩም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

ሰውዬው ግን ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ይሄ ማይክ እውነትም ደካማ ነው። 1 ፓስካል ግፊት ሲያገኝ የሚያወጣው 1.12 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ሠርግ ላይ የምናውቀው ኤስኤም58 እንኳ በተመሳሳይ ድምፅ 1.85 ሚሊቮልት ያወጣል። ሹር ራሱ ለኤስኤም7ቢ ቢያንስ 60 ዲቢ ጌይን ያስፈልጋል ይላል። የኔ ኢንተርፌስ ደግሞ 56 ነው ያለው። "አየህ፣ 4 ጎደለህ" አለኝ ሻጩ። ሒሳቡ ልክ ነው። 4 ጎደለኝ። ለአራቷ ሃያ አምስት ሸጠልኝ።

ቤት ገብተን መቅዳት ጀመርን። ድምፁ ጮክ ብሏል፣ ደስ ይላል። ግን ስናቆም፣ ዝም ስንል፣ ከስር ዝዝዝ የሚል ነገር አለ። ቡስተሩ ያጠፋዋል ተብዬ የገዛሁት ድምፅ! ኬብል ቀየርኩ። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀልኩ። ምንም የለም።

ሰፈራችን አንድ ጋሼ አሉ። ለረጅም ዓመት ሠርግም ጉባኤም ላይ ሳውንድ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ለምኜ አመጣኋቸው። ቡናቸውን ጠጥተው ሲጨርሱ ወንበሩ ላይ እንዴት እንደምቀመጥ አዩኝ። ማይኩን ቪዲዮ ላይ እንዳይሸፍነኝ ብዬ ራቅ አድርጌዋለሁ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ማይክ ነው ወይስ የጥበቃ ካሜራ? ከዚያ ድረስ ምን ያየዋል?" አሉኝ።

ሳጥኗን ነቀሏት። ማይኩን ስበው አፌ አጠገብ አመጡት። የኢንተርፌሱን ጌይን እስከ መጨረሻው ሊያዞሩት ሲሉ "ጋሼ ይሰበራል!" አልኳቸው። ሳቁብኝ። ቁልፉ ጥግ መድረሱ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ፋብሪካዎቹ የፕሪአምፑን (ኢንተርፌሱ ውስጥ ያለውን ማጉያ) ንጽህና ሲለኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚለኩት ጌይኑን ጥግ አድርሰው ነው። በኮምፒውተሩ ላይ ድምፄ ደህና ቦታ ቆመ። ዝዝዝታው ግን አሁንም አለ። ቀስ ብሎ፣ ከስር።

ጋሼ ተነሡ። በሩን ከፍተው ወጡ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ቀጥ አለ። ከግድግዳው በስተጀርባ ያለውን የአከራዬን ፍሪጅ ነቅለውት ነው።

ቡስተር የሚያሳድገው ድምፃችሁን ብቻ አይደለም። ማይኩ የሰማውን ሁሉ ያሳድጋል። ፍሪጁን፣ የጎረቤት ጀነሬተር፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ፣ የኮምፒውተሩን ፋን። ከማይኩ በኋላ የተቀመጠ ሳጥን የቱ የእናንተ ድምፅ፣ የቱ የፍሪጅ እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም።

አራት ዲቢዋንስ? ድምፅ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ 6 ዲቢ ገደማ ይጨምራል። አፋችሁን ከ10 ሴንቲሜትር ወደ 6 ብታቀርቡት ከ4 ዲቢ ትንሽ በላይ ታገኛላችሁ። አራት ሴንቲሜትር! እኔ ለዚች 24 ሺህ ብር ከፈልኩ፤ ለአንዷ ሴንቲሜትር 6 ሺህ ብር መሆኑ ነው። ሹር ራሱ ለዚህ ማይክ የሚመክረው ርቀት ከ2.5 እስከ 15 ሴንቲሜትር ነው። በጣም ስትጠጉ ድምፁ ወፈር ይላል፤ ከበዛባችሁ ከማይኩ ጀርባ ዝቅተኛውን ድምፅ የምትቀንስ ማብሪያ አለች።

መጠጋት ካልፈለጋችሁም ከተቀዳ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ 4 ዲቢ መጨመር ትችላላችሁ። በ24 ቢት (መቅጃ ፕሮግራሙ ላይ የምትመርጡት ጥራት ነው) እስከቀዳችሁ ድረስ ምንም አይጎድልባችሁም። ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ፕሮግራም በነፃ ይሠራዋል።

"ቡስተሩ ግን ሽሽታውን ይቀንሳል" የሚሏችሁ ይኖራሉ። እኔንም ብለውኛል። እውነት አላት፣ ግን ትንሽ ናት። ማንኛውም እንደ ማይኩ 150 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም) የሆነ ነገር በሙቀቱ ብቻ በራሱ ትንሽ ሽሽ ይላል፤ የፊዚክስ ሕግ ነው፣ ማንም አያጠፋውም። ይህ ወለል -131 ዲቢዩ አካባቢ ነው (ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር ሽሽታው ያንሳል)። የኔ ኢንተርፌስ ፕሪአምፕ በወረቀቱ ላይ -128 ይላል። ልዩነቱ ጥቂት ዲቢ ነው። በዓለም ላይ ያለ ምርጥ ቡስተር፣ የራሱ ሽሽታ ዜሮ ቢሆን እንኳ፣ ከነዚያ ከጥቂቶቹ በላይ ሊቀንስልኝ አይችልም። ደግሞ የራሱ ሽሽታ ዜሮ የሆነ ቡስተር የለም።

ማመን ስላቃተኝ ሞከርኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ቀዳሁ፤ አንዴ በሳጥኗ፣ አንዴ ያለ ሳጥኗ። የሁለቱን ከፍታ ኮምፒውተር ላይ እኩል አደረግኩ። ይቺን አትዝለሉ፤ እኩል ካላደረጋችሁት ሱቅ ውስጥ የተሸወድኩትን ሽወዳ ቤታችሁ ትደግሙታላችሁ። ፋይሎቹን "ሀ" እና "ለ" ብዬ ለጓደኛዬና ለእህቱ አሰማሁ። እሱ "ሀ ይሻላል፣ ቡስተሩ እሱ ነው" አለ። እሷ "ለ" አለች። እኔ ደግሞ መልሱን እያወቅኩ ልዩነቱ አልሰማ አለኝ።

ሳጥኗ ከንቱ ናት እያልኩ አይደለም። የምታስፈልገው ሰው አለ። የመጀመሪያው ትውልድ ስካርሌት ያለው ሰው ጌይኑ 46 ዲቢ ብቻ ነው፤ እሱ ለኤስኤም7ቢ እውነትም ያንሰዋል። ጌይኑ ወደ ጥግ ሲሄድ እንደ ዝናብ የሚንሿሿ ርካሽ ኢንተርፌስ ያለው ሰውም እንዲሁ። ፓሲቭ ሪበን ማይክ (ድምፁ በጣም ደካማ የሆነ የማይክ ዓይነት) የሚጠቀም ሰውም ይጠቅመዋል፤ ኢንተርፌሱ የሚልከው 48 ቮልት ወደ ማይኩ እንዳያልፍም ትከላከልለታለች። አራተኛው ትውልድ 2አይ2 ያላችሁ ግን ጌይናችሁ 69 ዲቢ ነው፤ ከሹር 60 በላይ ነው። ለእናንተ ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ሰው ካለ ዝም ብላችሁ ውጡ።

አሁን ደግሞ ይበልጥ የሚያናድደውን ልንገራችሁ። ሳጥኗ የምትሠራው ኢንተርፌሱ በሚልክላት 48 ቮልት ነው፣ ፋንተም ፓወር የሚባለው። እሱን ካላገኘች የሞተች ናት። አንድ የማውቀው ልጅ ቲክቶክ ላይቭ የሚገባው በቪ8 ሳውንድ ካርድ ነው፤ እነዚያ መብራታቸው ብልጭ ብልጭ የሚሉት። የሱ ቪ8 ማይክ መሰኪያው ቀጭኑ፣ እንደ ሄድፎን ያለው ነው። 48 ቮልት በዚያ ቀዳዳ አይመጣም። ለሱም ቡስተር ሸጡለት! በመለወጫ ኬብል ሰካው፣ ምንም ድምፅ የለም። "ዕቃው ተበላሽቷል" ብሎ መልሶ ሄደ። ሻጩ እዚያው ኢንተርፌስ ላይ ሰክቶ አሳየው፤ ሠራ። "አየህ፣ ደህና ነው፤ ያንተ ካርድ ነው ችግሩ፤ ይሄንንም ኢንተርፌስ ግዛው" አለው። ገዛው። ምን ልበላችሁ።

ሌላም አለ። ከ2023 ጀምሮ ኤስኤም7ዲቢ የሚባል ወጥቷል፤ መልኩ ያው ነው፣ ግን ፕሪአምፑ ሆዱ ውስጥ ነው፣ 18 ወይም 28 ዲቢ ይጨምራል። ለሱ ደግሞ ክላውድሊፍተር (ታዋቂ ቡስተር ነው) ደርባችሁ የምትገዙ አላችሁ። ክላውድሊፍተር 48 ቮልቱን ለራሱ ይወስዳል እንጂ ወደ ማይኩ አያሳልፍም። ስለዚህ ብር የከፈላችሁበት የውስጡ ፕሪአምፕ ጭራሽ አይነሣም። በዩኤስቢ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ማይክ ያላችሁማ ይሄ ወሬ አይመለከታችሁም።

ብሬን ለማስመለስ ሞክሬያለሁ። ሱቁ ግድግዳ ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ይላል፤ መቼስ ታውቁታላችሁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ለማስቀየር ወይም ብሩን ለመጠየቅ መብት ይሰጣል። የኔ ሳጥን ግን ጉድለት የለባትም። ልክ እንደተባለው 25 ዲቢ ትጨምራለች። ያልተነገረኝ እንደማታስፈልገኝ ነው። ደረሰኝም አልተቀበልኩም፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው።

እና ለመግዛት ስትሄዱ ሄድፎኑን ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ "ያለ ቡስተሩ ጌይኑን ጨምርልኝና ልስማው" በሉ። ሻጩ እጁን ወደ ቁልፉ ከላከ ደግ ሰው ነው። "አይ፣ ያበላሸዋል" ካለ መልሱን አግኝታችኋል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። በዚያ ብር ወፍራም መጋረጃና ጥሩ የማይክ ክንድ ይገዛል። ክንዱ ማይኩን አፍ አጠገብ ያመጣዋል፣ መጋረጃው የክፍሉን ጉምጉምታ ይይዘዋል። ለኔ ድምፅ ለውጥ ያመጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሦስተኛው ለአከራዬ ስንቀዳ ፍሪጁን ለአንድ ሰዓት እንዲነቅሉልኝ መለመኔ ነው። እማማ መጀመሪያ "ወተቱ ይበላሻል" ብለው ነበር፤ አሁን ራሳቸው በር አንኳኩተው "ነቅያለሁ፣ ቅዱ" ይላሉ።

ሳጥኗን ለሽያጭ አውጥቻታለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደወለ። "ዋጋዋ ስንት ነው?" አለኝ። "ኢንተርፌስህ ምንድን ነው?" አልኩት። "2አይ2፣ አራተኛው" አለኝ። ሳጥኗ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ ናት።