ባለ 40 ብሯ የግቢ ቃላት መፍቻ

ልጄ ዘንድሮ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ገባች። በመጀመሪያው ሳምንት ደውላ «አባዬ፣ አድ ኤንድ ድሮፕ ሊያልፈኝ ነው!» አለችኝ። ደንግጬ «ምን ጠፋብሽ?» አልኳት። ሳቀችብኝ።

እልህ ይዞኝ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የግቢ ቃላት መፍቻ በ40 ብር ገዛሁ። 22 ገጽ ናት፣ በስቴፕለር የተያዘች። ጣና ዳር ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረስኳት።

አድ ኤንድ ድሮፕ ለካ ሴሚስተሩ ሲጀመር ኮርስ የሚጨመርበትና የሚጣልበት ጊዜ ነው። ፕሪሪኩዚትም ገባኝ፤ ያኛውን ሳታልፍ ይሄኛውን አትወስድም፣ በቃ። ኢሲቲኤስን ግን፣ እንደ ክሬዲት የኮርስን ክብደት የሚለካውን ሌላኛውን ቁጥር፣ ጥራዟ ጭራሽ ረስታዋለች። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ብዙ ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ ተብሎ ሲጻፍ አዲስ ተማሪ ግራ ይገባዋል።

ያናደደችኝ ገጽ 9 ላይ ነው። ጂፒኤ (የተማሪው አማካይ ውጤት) ማለት የግሬዶቹን ነጥብ ደምሮ ለኮርሶቹ ብዛት ማካፈል ነው ትላለች። ክሬዲቱ የት ገባ? ልጄ ሶፍት ላይ ጽፋ አሳየችኝ። ባለ 4 ክሬዲቱ ላይ ሲ ካመጣሽ 4 በ2፣ 8። ባለ 3ቱ ላይ ኤ ካመጣሽ 3 በ4፣ 12። ድምሩ 20 ለ7ቱ ክሬዲት ሲካፈል 2.86 ነው። በጥራዟ ስሌት ግን 3 ሞላ ይወጣል! በዚህ ተማምኖ የሚተኛ ልጅ አይጠፋም።

40 ብሩ አላስቆጨኝም፤ ቢያንስ ከልጄ ጋር አግባባን። ገጽ 9ን ግን ወስጄ ለሻጩ አሳየሁት።

«ጋሼ፣ እኛ ኮፒ ነው የምናደርገው» አለኝ።