የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ፦ ለደሴ ነጋዴ ከሞጆ ይሻላል?

ደረቅ ወደብ ማለት ከባሕር ርቆ ኮንቴይነር የሚራገፍበትና ጉምሩክ የሚፈጸምበት ግቢ ነው። ሙሉ ኮንቴይነር ለሚያስመጣ ሰው፣ አዎ፣ ኮምቦልቻ በጣም ይሻላል። ካርታውን ማየት ይበቃል። ከጅቡቲ በመኪና የተነሳ ኮንቴይነር በጋላፊ ገብቶ ሚሌ ሲደርስ፣ በባቲ በኩል ለኮምቦልቻ የሚቀረው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መድረሻው ሞጆ ከተባለ ግን ከሚሌ ሌላ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ዕቃው ደግሞ በአዲስ አበባ አድርጎ፣ ጣርማበርን ወጥቶ ወርዶ፣ 470 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደሴ ይመለሳል። በተጨናነቀ መንገድ ላይ ለዚህ ሁሉ ነዳጅ የሚከፍለው ገዢው ነው።

ስህተቱ የሚሠራው ዕቃው ሳይጫን ነው። አቅራቢው ከለመደው ተነስቶ "ሞጆ" ብሎ ይሞላል። በመልቲሞዳል (አንድ አጓጓዥ በአንድ ሰነድ ዕቃውን ከውጭ እስከ ደረቅ ወደቡ በሚያደርስበት አሠራር) የሚያስመጣ ሰው ገና ከፕሮፎርማው (ከአቅራቢው የዋጋ ማቅረቢያ) ጀምሮ ማራገፊያ ወደቡ ጅቡቲ፣ የመጨረሻ መድረሻው ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ተብሎ እንዲጻፍ ያስደርግ። ኤልሲውና (ባንኩ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) አንድ ቃል መናገር አለባቸው። የቢል ኦፍ ሎዲንጉ ረቂቅ ሲላክ ክብደቱን ከፓኪንግ ሊስቱ (ከዕቃው ዝርዝር)፣ በኮንቴይነሩ በር ላይ ያለውን የሲል ቁጥርም ከተላከው ፎቶ ጋር አመሳክሩ። መርከቡ ከተነሳ በኋላ ማስተካከል ገንዘብም ቀንም ይበላል።

ሴራሚክ ለሚያመጣ ባለ 20 ጫማው ይበቃል። ከነዕቃው የሚፈቀድለት አብዛኛውን ጊዜ 30,480 ኪሎ ነው፤ ባዶው ብቻውን ወደ 2,200 ኪሎ ይመዝናል። ሴራሚክ 33 ሜትር ኩቡን ሳይሞላ ክብደቱ ይሞላልና ባለ 40 መከራየት ለአየር መክፈል ነው። ስፖንጅና ፕላስቲክ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል።

ዕቃውን እዚያው ግቢ ውስጥ ማራገፍ ይመረጣል። ኮንቴይነሩ ከወደቡ ስለማይወጣ ባዶውን የመመለስ ጣጣ የለም፤ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎ ዳገት በከባድ ተሳቢ መውጣትም ይቀራል። 270 ኩንታል ሴራሚክ ለአራት ኤፍኤስአር (መካከለኛ የኢሱዙ የጭነት መኪና)፣ በ70 ኩንታል ሒሳብ፣ ይበቃል። ካርቶኑ በጠርዙ ቆሞ ይደርደር፤ ተጋድሞ ከተነባበረ የታችኛው ሐረጎ ሳይደርስ ይሰነጠቃል። ወዛደሮቹ ሲጭኑ አንድ ሰው ቆሞ ይቁጠር፣ የተሰበረውንም መኪናው ሳይነሳ ይመዝግብ።

የኮምቦልቻ ጉድለቱ ባቡር ነው። ሞጆ ዕቃ ከጅቡቲ በባቡርም ይደርሰዋል፤ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሀራ ገበያ የተዘረጋው ሐዲድ ግን ጭነት አልጀመረም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በመኪና፣ በባቲ ጠመዝማዛ መንገድ ነው የሚመጣው። ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ አለ፤ የዕለቱ መንገድ ይጨናነቃል፣ የማራገፊያ ቀጠሮ ለማክሰኞ ማድረግ ይሻላል።

ኮንቴይነር የማይሞላ ነጋዴ ከጎረቤት ሱቅ ጋር መጋራቱ ቀላል ይመስላል። የአንዱ ሰነድ ጉምሩክ ላይ ከተያዘ ግን የሌላውም ዕቃ አብሮ ይቆማል፣ የመጋዘን ኪራይም በሁለቱ ላይ ይቆጠራል። ሁለቱም ሰነዳቸውንና የቀረጡን ገንዘብ አዘጋጅተው ካልጨረሱ በቀር አይጫኑ።