የፑድል ክልስ ውሻ፦ ቡችላ ወይስ ያደገ?

ጓደኛ የሚሆናችሁ ውሻ እየፈለጋችሁ ዓይናችሁ የፑድል ክልሶች (ጥቅልል ፀጉር ያለው ፑድል የተባለ ዝርያ ከሌላ ዝርያ ጋር ተዳቅሎ የሚወለዱ ውሾች) ላይ ካረፈ፣ መጀመሪያ መወሰን ያለባችሁ ዕድሜውን ነው። ላብራዱድል ይሁን ጎልደንዱድል፣ ካቫፑ ይሁን ማልቲፑ፣ የትኛው ክልስ ይሁን የሚለው ኋላ ይደረስበታል። ቡችላ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፣ ይሄ አያከራክርም። እኔ ግን ቤት ውስጥ አብሮት የሚኖር ጓደኛ ለሚፈልግ ሰው ያደገውን ነው የምመክረው። ሌላ ዝርያ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ደፍሬ አልናገርም ነበር።

ክልስ ቡችላ አድጎ ምን እንደሚሆን ማንም በእርግጠኝነት አይነግራችሁም። ፑድል ራሱ አንድ መጠን የለውም። ትንሹ ቶይ ፑድል ትከሻው ድረስ ሲለካ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ትልቁ ስታንዳርድ ከ38 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ፀጉሩም እንዲሁ ነው። ከአንድ እናት በአንድ ቀን ከተወለዱት ውስጥ አንዱ ጥቅልል ፀጉር ይዞ ያድጋል፣ ሌላው ሶፋውን ሁሉ ፀጉር በፀጉር ያደርገዋል። የቡችላነት ለስላሳ ፀጉር በአዋቂው ፀጉር የሚተካው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ያን ጊዜ እናንተም ለምዳችሁታል፣ እሱም ለምዷችኋል።

ላብራዱድል ስሙ የታወቀበት ታሪክ ራሱ ይህንን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1989 አውስትራሊያ ውስጥ ዋሊ ኮንሮን የተባለ፣ ዓይነ ስውራንን የሚመሩ ውሾች አርቢ ላብራዶርን ከፑድል አዳቀለ። ያሰበው መሪ ውሻ ለምትፈልግ አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ነበር፤ ባሏ የውሻ አለርጂ ነበረበት። ሦስት ቡችሎች ተወለዱ። የፀጉራቸውና የምራቃቸው ናሙና ሲሞከር ለሰውየው የተስማማው አንዱ ብቻ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ወንድማማቾች እንኳ አንድ ዓይነት አልነበሩም ማለት ነው።

ስለዚህ «የፑድል ክልስ አለርጂ አያመጣም» የሚባለውን አትመኑ። አለርጂውን የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን ያለው በምራቁ፣ በሽንቱና ከቆዳው በሚረግፈው ብናኝ ውስጥ ነው። ፀጉሩ ባይረግፍም ውሻው ይልሳል፣ ቆዳውም ይረግፋል። ቤታችሁ ውስጥ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ፣ ያደገው ውሻ ጋ ሄዶ ረዘም ላለ ሰዓት ይቀመጥ፣ ይደባብሰው፣ በሌላ ቀንም ይመለስ። ዛሬ ያልተቆጣ ሰውነት ሁልጊዜ አይቆጣም ማለት ባይሆንም፣ ፀጉሩ ገና ከሚለወጥ ቡችላ ጋር ተቀምጦ ከመገመት በብዙ ይሻላል።

የዕለት ተዕለቱ ድካም ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን ከሁለት ሰዓት ብዙም አልፎ አይዝም፤ ሌሊት ትነሳላችሁ። ጥርሱ ተቀይሮ እስኪያልቅ፣ ስድስትና ሰባት ወር እስኪሞላው ድረስ፣ ጫማውም የወንበሩም እግር ይታኘካል። ክትባቱም እስከ 16 ሳምንት ድረስ በየጥቂት ሳምንቱ ይመላለሳል። ያደገው ብዙውን ጊዜ ይሄን ሁሉ ጨርሷል። ሦስት ዓመት የሞላው ትንሽ የፑድል ክልስ ጤናው ከተጠበቀ ገና አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል፤ ዕድሜው አለፈ ብላችሁ አትስጉ።

ቡችላ የሚበልጥበት አንድ ትልቅ ነገር ግን አለ። ውሻ ሰውን፣ ድምፅንና ሌሎች እንስሳትን ሳይፈራ የሚለምደው በዋናነት ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ቡችላ ከወሰዳችሁ የዚህ ጊዜ ማብቂያ በእናንተ እጅ ይሆናል። ያደገውን ግን ሌላ ሰው ቀርጾታል። ደግ ሰው ከነበረ እሰየው። ክፉ ከነበረ ወይም ከናካቴው ትኩረት ካልሰጠው፣ ዋጋውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ቤት ውስጥ ድመት ወይም ፈሪ ሕፃን ካለ ይሄ ነጥብ ሚዛን ይደፋል።

ያደገውን ስታዩ ሁለት ነገር ሳታጣሩ እሺ አትበሉ።

አንደኛው ፀጉሩ ነው። ከላይ ሲያዩት ተበጥሮ ያምራል። ጣታችሁን ከጆሮው ጀርባ፣ ከብብቱ ሥርና የአንገት ማሰሪያው ከሚያርፍበት ቦታ አስገቡና ቆዳው ድረስ ዝለቁ። ጣታችሁ እዚያ ካልደረሰና ፀጉሩ ተቋጥሮ እንደ ጀሶ ከደረቀ፣ ውሻው በተራመደ ቁጥር ቆዳው ይጎተታል ማለት ነው። በማበጠሪያ አይፈታም፤ ተላጭቶ እንደ አዲስ መብቀል አለበት። ጆሮውንም ገለጥ አድርጋችሁ አሽትቱ። የተንጠለጠለና ውስጡ ፀጉር የሞላው ጆሮ ቶሎ ይታመማል፤ መጥፎ ሽታ ካለው ሐኪም ይየው። ይሄ ሁሉ አትውሰዱት ማለት አይደለም። ስትነኩት ቢያጉረመርም እንኳ ክፋት ሳይሆን ሕመም ሊሆን ይችላል። ለፀጉሩ ጊዜ ከሌላችሁ ግን እዚሁ ላይ ተዉት፤ ቢያንስ በሁለት ቀን አንዴ እስከ ቆዳው ማበጠር፣ በየስድስት ሳምንቱ ገደማ ማስከርከም የግድ ነው።

ሁለተኛው ብቻውን ሲሆን የሚያሳየው ጠባይ ነው። ፑድል ከሰው ጋር ለመሥራት የተዳቀለ፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ የታደነ ወፍ የሚያወጣ ውሻ ነበር። ክልሶቹም ሰው ላይ ይጣበቃሉ። ከሚያውቀው ሰው ጋር ሆናችሁ ውጡና በሩን ዝጉ፤ ጸጥ ብላችሁ ስሙ። ትንሽ ተነጫንጮ ከተኛ ጥሩ ነው። በሩን መቧጨር፣ መጮኽ፣ ምራቁን ማዝረብረብ ከጀመረ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ለሚውል ሰው አይሆንም። ሁልጊዜ ሰው ከማይጠፋበት ቤት ግን ያው ውሻ ደስ ብሎት ይኖራል።

ስምንት ዓመት ያለፈውንም አትናቁ፣ በተለይ ረጅም የእግር ጉዞ የማትወዱ ከሆነ። ጥርሱንና ዓይኑን አስመርምሩ።

ቡችላውን የምመክረው ለአንድ ዓመት ያህል ቀኑን አብሮት የሚውል ሰው ላለው፣ የፀጉሩና የቁመቱ ነገር የትም ቢደርስ ቅር ለማይለው ቤተሰብ ነው። ያደገውን የመረጣችሁ ደግሞ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ባይበላ ወይም ከአልጋ ሥር ባይወጣ አትደናገጡ። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው የቤቱን ሥርዓት ይይዛል፤ እውነተኛ ጠባዩ እስኪወጣ ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ውሻውን የሚሰጣችሁን ወገን የሙከራ ጊዜ ጠይቁ፤ ካልተስማማችሁ ተመልሶ የሚገባበት ቦታ መኖሩንም በጽሑፍ ያዙ።