«እስከ መጋቢት እንዳታመጣው» ላሉኝ ኮች

ሰላም የሲልቨር ስፕሪንግና የአካባቢው ወላጆች። ጥሩ መካኒክ፣ ጥሩ ሞግዚት፣ ጥሩ ታክስ ሰሪ ስንጠቋቆም ኖረናል። ዛሬ ተራው የኔ ነው። የምጠቁማችሁ የላክሮስ አሰልጣኝ ናቸው። የማመሰግናቸው ግን ልጄን ላክሮስ ስላስተማሩት አይደለም። አራት ወር ሙሉ አላስተምረውም ስላሉኝ ነው።

ላክሮስን ለማታውቁት፣ ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ኳስ እየቀለቡና እየወረወሩ ጎል የሚያገቡበት ጨዋታ ነው። መነሻው ከሰሜን አሜሪካ ነባር ህዝቦች ነው። እዚህ ሜሪላንድ ከ2004 ጀምሮ የስቴቱ ይፋዊ የቡድን ስፖርት ሆኗል። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ የልጁን ጨዋታ ስታይ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ይሄማ ገና ነው፣ ኳሷ ብቻ በአየር ትሄዳለች» አለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

ልጄ 12 ዓመቱ ነው። በ9 ዓመቱ የክፍል ጓደኛው ጎትቶ አስጀመረው። ጎበዝ ነው ሲሉን እኛም ጋለብን። የስፕሪንግ ቡድን፣ የሰመር ቱርናመንት፣ የፎል ሊግ፣ በዊንተር ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ስልጠና። ለእያንዳንዱ ይከፈላል። አንዱን ብንዘል ቦታውን ሌላ ልጅ ይወስድበታል ብዬ እፈራ ነበር። ክለቡም (ስሙን አልጠራም) ፍርሃቴን ለማብረድ አልቸኮለም።

ባለፈው መስከረም ዱላው ጠፋ። መኪናውን በረበርን፣ ሜዳው ድረስ ተመልሰን ሄድን፣ የለም። ዋጋውን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ተቆጣሁ። ከሳምንት በኋላ ባለቤቴ ቤዝመንት ውስጥ ከውሃ ማሞቂያው ጀርባ አገኘችው። በፎጣ ተጠቅልሏል። የደበቀው ራሱ ነው። ትከሻውን ያመው እንደነበርም የነገረን ያን ቀን ነው።

ሀኪሟ ነገሩን አላካበደችውም። አጥንቱ ገና እያደገ ነው፣ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በዝቶበታል፣ ይረፍ አለች። ሲሻለው እኔ አሁንም አልተማርኩም። የግል አሰልጣኝ ፍለጋ ገባሁና ሰው ወደ እኚህ ኮች ላከኝ። ስድሳን የተሻገሩ፣ የባልቲሞር ልጅ፣ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው።

ልጁን ሃያ ደቂቃ አዩት። ከዛ ወደኔ ዞሩና «በዓመት ስንት ወር ነው ይሄን ዱላ የሚይዘው?» አሉኝ። አስራ ሁለቱንም አልኩ። (በኛ አቆጣጠር ቢሆን ጳጉሜም አታመልጥም ነበር።) በሳምንትስ ስንት ሰዓት? ቁጭ ብለን ደመርን። የቡድን ልምምድ፣ ግድግዳ ላይ መወርወር፣ የቅዳሜና እሁድ ጨዋታ። 15 ሰዓት መጣ። «ልጅ በሳምንት ከዕድሜው በላይ ሰዓት ስፖርት መስራት የለበትም» አሉኝ። የራሳቸው ፈጠራ መስሎኝ ነበር። ለካ የስፖርት ሀኪሞች የሚሉት ነው። የአሜሪካ የህፃናት ሀኪሞች ማህበርም ልጆች እስከ 15 ወይም 16 ዓመታቸው በአንድ ስፖርት ብቻ እንዳይወሰኑ ይመክራል። ከዋናው ስፖርታቸው ደግሞ በዓመት በድምሩ ሶስት ወር፣ አንድ አንድ ወርም እየተከፋፈለ ቢሆን፣ እንዲያርፉ።

«እሺ፣ ታዲያ መቼ እንጀምር?» አልኳቸው። «እስከ መጋቢት እንዳታመጣው።» ክፍያውን በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ልልክላቸው ስልኬን አውጥቼ ነበር። ኪስህ ውስጥ መልሰው አሉኝ።

ከዛ አንድ ወረቀት ላይ ዓመቱን ከፋፈሉት። መስከረም እግር ኳስ፣ በብርዱ ቅርጫት ኳስ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ላክሮስ፣ ሰመር ላይ ዋናና ምንም የማይሰራበት አንድ ሙሉ ወር። ያኔ ጥቅምት እያለቀ ስለነበር እግር ኳሱ ለሚቀጥለው ዓመት አደረ።

ቅርጫት ኳስን በዘፈቀደ አልመረጡትም። የላክሮስ ተከላካይም ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ጎን ነው የሚንሸራተተው። ልጄ ዱላ ሲይዝ እግሩን ይረሳና በዱላው ይማታል። ቅርጫት ኳስ ላይ የሚማታበት ነገር የለም፤ እጁን ከሰደደ ፋውል ነው። እግሩን ማንቀሳቀስ ግድ ሆነበት። ለጓደኛ ከለላ ሆኖ መቆም፣ ከለላውን ተጠግቶ ወደ ጎል መቁረጥ፣ ኳስ ሳይዙ ክፍት ቦታ መፈለግ፣ ይሄ ሁሉ በሁለቱም ጨዋታ አንድ ነው። ግራ እጁም ድሪብል ሲለማመድ ነቃ። ላክሮስ ላይ ቀኝ ብቻ የሚጫወት ልጅ ቶሎ ይታወቅበታል።

የኮቹ ተወዳጅ ምሳሌ ፓት ስፔንሰር ነው። እዚሁ ባልቲሞር ለሎዮላ ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ በ2019 የኮሌጅ ላክሮስን ትልቁን ሽልማት ቴዋራተንን ወሰደ። ከዛ ወደ ኖርዝዌስተርን ሄዶ ቅርጫት ኳስ ተጫወተ፣ ቆይቶም የNBA ቅርጫት ኳስ ቡድን የሆነው ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ ገባ። ጂም ብራውንንም ይጠራሉ። እኔ በአሜሪካን ፉትቦል ብቻ ነበር የማውቀው። ሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ እያለ ግን ላክሮስ፣ ቅርጫት ኳስና አትሌቲክስም ይወዳደር ነበር፤ በ1957 ከአገሪቱ ምርጥ የላክሮስ ተጫዋቾች አንዱ ተብሏል። ልጄ ጂም ብራውን ብዙም አልገባውም። የዋሪየርሱ ግን ገባው።

እኔን የረታኝ ሌላ ነው። «እናንተ አገር ልጆች ምን ይጫወታሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ስነግራቸው ራሴን ሰማሁት። ጅራፍ ለቡሄ፣ ገና ለገና፣ በቀረው ጊዜ የጨርቅ ኳስ። ልጄ ቦታውን እንዳይነጠቅ ብሎ በግንቦት ገና የሚያለማምድ አባት አይቼ አላውቅም።

ቅርጫት ኳስ ላይ ልጄ ጎበዝ አልሆነም። አብዛኛውን ጨዋታ ወንበር ላይ ነው ያሳለፈው። መኪና ውስጥ የሚገባው ግን እየሳቀ ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ «አባዬ፣ ስቲኬን አይተኸዋል?» አለኝ። በተራዬ የደበቅኩት እኔ ነበርኩ። መጋቢት ላይ ኮቹ ጋ ወሰድኩት፣ አሁን በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰዓት ያሰሩታል። ትከሻው ደህና ነው።

እንከን የላቸውም አልልም። ቴክስት ለመመለስ ሶስት ቀን ይፈጅባቸዋል። ከሜዳ ዳር የሚጮህ ወላጅ አይወዱም፤ እኔ ሁለቴ ዝም በል ተብያለሁ። ስኮላርሺፕ ብላችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ቶሎ ያበርዷችኋል። እስከ ቅርብ ጊዜ አንድ የዲቪዚዮን 1 (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) የወንዶች ላክሮስ ቡድን ማደል የሚችለው ቢበዛ 12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር፣ ያንን ደግሞ አርባ ምናምን ልጅ ይከፋፈለዋል። የሴቶች ላክሮስ ህጉ ስለሚለይ ሴቶችን አያሰለጥኑም።

ስሜን አደባባይ አታውጣብኝ ስላሉ አልጻፍኩትም። የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። በታህሳስ ግን አትደውሉላቸው፤ የቅርጫት ኳስ ምዝገባ የት እንደሆነ ነግረው ነው የሚሸኟችሁ።