የደብረ ማርቆሱ የሐሙስ ምክር፣ ከነቦምቦሊኖው

ሐሙስ ሐሙስ ሱስ ለተውን ሰዎች ስለሚሰጠው የቡድን ምክር ነው የማወራው። መጀመሪያ ሰዓቱን ላመስግን። ከቀኑ 8:30 ይጀምራል፣ 10:30 ያልቃል። ይህን ሰዓት የመረጠው ሰው ወይ ራሱ ጫት ቅሟል፣ ወይ የሚቅም ወንድም አለው። ምሳ ወርዶ ሀራራ፣ የጫቱ አምሮት፣ የሚነሳው ልክ ያኔ ነው። ላለፉት 5 ወራት፣ ጭነት ከሌለኝ፣ ያቺን ሁለት ሰዓት ደብረ ማርቆስ አንድ ጤና ተቋም ጓሮ ባለች ክፍል ውስጥ ነው የማሳልፋት። የተቋሙን ስም አልጠራም፤ የምወቅሰውም ነገር አለኝ።

የአይሱዙ ሾፌር ነኝ። ከጎጃም ጤፍ ጭኜ እህል በረንዳ አራግፋለሁ። 11 ዓመት ስቅም ኖርኩ፤ መኪናዬን ሳቆም ደግሞ ምርቃናውን በጨብሲ፣ በመጠጥ፣ እሰብር ነበር። ከተውኩ 14 ወር ሆነኝ። ዱካኩ፣ ጫት ሲተዉ የሚመጣው ቅዠት፣ መጣ፣ ሄደ። እንቅልፌም ተመለሰ፣ ሚስቴም። ከዚያ መብላት ጀመርኩ። 61 ኪሎ የነበርኩት ሰውዬ ዛሬ 84 ነኝ። ያየኝ ሁሉ "ወዝህ ተመለሰ!" ይለኛል። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ እና ሆዴ ብድሩን እየጠየቀ ነው ብዬ እኔም አለፍኩት።

ደጀን ላይ ግን ነቃሁ። አባይ በረሃ ከመውረዴ በፊት ጫት የምገዛባት አንዲት ቦታ ነበረች። አሁን እዚያው ጎን ቆሜ ቦምቦሊኖ እገዛለሁ። 8፣ አንዳንዴ 10። በዚያው ጥቁር ፌስታል። ረዳቴ እንዳያየው ወንበር ስር እሸጉጠዋለሁ። ቁልቁለቱ ሳያልቅ እሱ ያልቃል። አንድ ቀን ባዶውን ፌስታል በመስኮት ስወረውር ትዝ አለኝ፤ የጫቱን ገረባም እንዲሁ ነበር የምወረውረው።

ይህን ሐሙስ ዕለት ሳወራ ይስቁብኛል ብዬ ነበር። ማንም አልሳቀም። አረቄ የተዉ አንድ ጋሼ አሉ፤ "እኔ ስኳር በማንኪያ ነበር የምልስ፣ ልጄ፤ ከልጅ ልጆቼ ተደብቄ" አሉኝ።

የምትመክረንን ሲስተር የምወዳት ስለማትሰብክ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ዶፓሚን፣ ፍላጎትን የሚቀሰቅሰው ኬሚካል፣ እንዲበዛ ያደርጋል አለችን። ስኳርና ቅባትም ያንኑ መንገድ ይነካሉ፣ ጉልበታቸው ግን እኩል አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች በጣም የወፈሩ ሰዎችን አንጎል በምስል ሲያዩ፣ ዶፓሚንን የሚቀበሉት ተቀባዮች አንሰው አገኙ። በዕፅ ሱሰኞችም ላይ የታየው ይኸው ነው። የቱ የቱን እንዳመጣ ግን ያ ጥናት አይለይም። "የምግብ ሱስ" በሚለው ስም ሐኪሞች ገና አልተስማሙም፤ ራስን መቆጣጠር አቅቶ ያለልክ መብላት ግን በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2013 ወዲህ በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ሰፍሯል። እንዲህ ልኩን ብቻ የሚናገር ባለሙያ ብርቅ ነው።

የሰጠችኝ መድኃኒት ደብተር ነው። ምን በላህ አትልም። ከመብላትህ በፊት የት ነበርክ? ማን አጠገብህ ነበር? ርቦህ ነበር? በ3 ሳምንት 17 ጊዜ ጻፍኩ። 14ቱን ስበላ አልራበኝም። 8ቱ ደጀን ነው። አሁን ሻዬን ከደጀን በፊት ባለችው ሉማሜ ጠጥቼ ደጀንን ሳልቆም አልፋለሁ። ሁልጊዜ አይደለም።

ጫትን በሩን ዘግቼ ወጣሁ፤ እንጀራን ግን በምን በር ልዝጋው? ጾም ያስተምርሃል የሚሉኝ አሉ። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ፣ አንድም ቀን ከብዶኝ አያውቅም። 9 ሰዓት ሲሞላ ግን እንደ ጫት በርጫ አነጣጥፌ ነው የምቀመጠው። አለመጀመር እችልበታለሁ። ከጀመርኩ ማቆም ነው የቸገረኝ። ይህን ስነግራት ሲስተሯ ራሷ ብዕር አንስታ ጻፈችው።

አሁን ወቀሳው። 9:30 ላይ የሻይ ዕረፍት አለ። ሻዩ ፔርሙዝ ውስጥ እንዳለ ስኳር ተጨምሮበታል፣ አስቀድሞ። ከጎኑ በትሪ ምን ቢቀርብ ጥሩ ነው? ቦምቦሊኖ! ሞቅ ያለ፣ ዘይቱ የሚያብረቀርቅ። ስለ ሀራራ አንድ ሰዓት ስንመካከር ቆይተን ማለት ነው። ተናገርኩ። "እንግዳ ባፉ ባዶ ይሂድ እንዴ?" አሉኝ። ጎጃም ነው፣ ምን ይባላል። በሚቀጥለው ሐሙስ ቆሎ መጣ፤ ሽንብራና ገብስ፣ ግሩም ነበር። ከዚያ ወዲያ ቦምቦሊኖው ተመለሰ። አሁን መስኮቱ ጥግ፣ ከትሪው ርቄ እቀመጣለሁ።

ሌላው ካርድ ክፍል ነው። በር ላይ የቆመው ሰውዬ ሕዝብ ፊት "የሱስ ክፍል!" እያለ ይጣራል። ሁለት ሐሙስ መጥታ የቀረች አንዲት ሴት ነበረች። ለምን እንደቀረች ማንም አልጠየቀም። እኔ እገምታለሁ።

ከ5 ኮከብ 3 ተኩል። ቆሎው ከተመለሰ 4።