ቆሞ የከረመ ላንድሮቨር ወይስ ቆሞ የከረመ ላንድክሩዘር?

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ሰፋፊ ግቢ ባለበት ሰፈር ሁሉ ቆሞ የከረመ መኪና አንድ አይጠፋም። ጎማው ተንፍሷል፣ ኮፋኖው ላይ ቅጠል ተከምሯል፣ ወንበሩ ላይ ዶሮ ታድራለች። በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያለውን መኪና ገዝቶ ማደስ የብዙ ሰው ምኞት ሆኗል። ብዙውን ጊዜ ምርጫው በሁለት ዓይነት መካከል ነው፤ በአንድ በኩል እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1985 የተመረቱት ላንድሮቨር ሲሪየስ ቱ ኤ እና ሲሪየስ ስሪ፣ በሌላ በኩል ከ1960 እስከ 1984 የተመረተው ላንድክሩዘር 40።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በገዛ እጁ እየፈታ እየገጠመ መማር ለሚፈልግ ላንድሮቨር ይሻላል። ታድሶ ሲያልቅ ገጠር ወርዶ የሚመለስ መኪና ለሚፈልግ ደግሞ ላንድክሩዘር፣ እሱም ቦዲው ጤነኛ ከሆነ ብቻ ነው። ሞተሩ ይነሣል አይነሣም የሚለው በሁለቱም ላይ መጨረሻ የሚታይ ነገር ነው። ሞተር ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ካልሆነም ይቀየራል። የበሰበሰ ብረት ግን ገንዘብ ሲበላ ይኖራል።

ስለዚህ ለማየት ስትሄዱ ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ያዙ። ላንድሮቨር ሲፈጠር፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ እንግሊዝ ከጦርነቱ ማግስት የብረት እጥረት ስለነበረባት ቦዲውን የሠሩት ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። የላንድሮቨር ፓራፋንጎ ላይ ማግኔቱ ከያዘ፣ የሆነ ባትላሜራ ቀዳዳውን በብረት ላሜራ ደፍኖታል ማለት ነው፤ ብረትና አሉሚኒየም በተነካኩበት ጠርዝ ላይ ቀለሙ አብጦ ነጭ ዱቄት ታያላችሁ። ላንድክሩዘር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እሱ ብረት ስለሆነ ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ጉዳት መሸፈኛው ስቱኮ ነው። ጣሪያውን ግን ተዉት፤ ጠንካራ ጣሪያ ያለው 40 ከላይ ፋይበር ግላስ ስለሆነ ማግኔት አይዝም፣ ሻጩንም በከንቱ ትከሱታላችሁ።

የላንድክሩዘር ዝገት የሚጀምረው ውኃ ከሚያቁርበት ነው። የጣሪያው ዙሪያ አሸንዳ፣ የኋላ በሩ የሚያርፍበት ጠርዝ፣ ከኋላ ጎማ ጀርባ ያሉት ማዕዘኖች፣ ከምንጣፉ ሥር ያለው ወለል። ምንጣፉን አስነሡ፤ ሻጩ ቅር ካለው እሱም መልስ ነው። ወለሉ ብቻ ከሆነ በጥሩ ብየዳ ይመለሳል። ማዕዘኖቹም፣ ወለሉም፣ የበሩ ምሰሶም አብረው ከሄዱ ግን ሙሉ ቦዲ እያሠራችሁ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ትዕግሥት ያለው ባትላሜራ ማግኘት ከመኪናው ይከብዳል።

ላንድሮቨር ከላይ ሲያዩት ደኅና ስለሚመስል ነው የሚያታልለው። በሽታው ከሥር ነው። ሻንሲው ውስጡ ክፍት የሆነ ሣጥን መሳይ ብረት ስለሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል፣ ውጪው ላይ ጥቁር ቀለም ከተቀባ ምንም አይታይም። ትንሽ መዶሻ ይዛችሁ ከሥር ግቡና ዙሪያውን አንኳኩ። ጤነኛው ብረት ይጮኻል፣ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። በተለይ ከኋላ ጎንና ጎኑን የሚያያይዘውን አግዳሚ ብረትና ባሌስትራው (ከጎማው በላይ ያለው ተደራራቢ የብረት ሞላ) የሚታሰርባቸውን ቦታዎች አትለፉ። ቀጥሎ ሞተሩን ከጋቢናው የሚለየው ግድግዳ አለ፤ አሉሚኒየም መስሎ የሚታይ ብረት ነው። የበሩ ማጠፊያ የተያዘበትን ምሰሶ ግርጌና የሾፌሩን እግር ማሳረፊያ በካቻቢቴ ጫን ጫን አድርጉ። ካቻቢቴው ከገባ ዋጋው በግማሽ ይውረድ ብትሉ አላጋነናችሁም። እንግሊዝ አገር ለእነዚህ መኪኖች ዝገት እንዳይነካው በዚንክ የተነከረ አዲስ ሻንሲ እስከዛሬ ይሠራል፤ እዚህ ላለ ሰው ግን ማጓጓዣውና ቀረጡ፣ በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ጣጣም ተጨምሮበት፣ ነገሩን ከባድ ያደርገዋል።

ሁለቱንም የት እንደኖሩ ጠይቁ። ደጋ ላይ ቆሞ የኖረና በአፋር ጨው ሲያመላልስ የኖረ መኪና በአንድ ዋጋ አይገዙም።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ ላንድሮቨር ይሸነፋል። የተለመደው ባለ 2.25 ሊትሩ ነው፤ የናፍጣው 62 ፈረስ ጉልበት ብቻ አለው። በአዲስ አበባ ከፍታ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ስለሚያጣ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ከኋላችሁ ሰልፍ ይሠራል። ላንድክሩዘር ላይ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ቤንዚን (3.9፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 ወዲህ 4.2 ሊትር) ጉልበተኛ ነው፣ ግን ማደያ ለማደያ ያስኖራችኋል። የምመክረው ናፍጣውን ነው፤ ቢ የተባለውን ባለ 3 ሊትር፣ ከተገኘ ደግሞ 3ቢ የተባለውን ባለ 3.4 ሊትር። ይሄኛው ከ40ው ቀጥሎ በመጣው ላንድክሩዘር 70 እና ዳይና በተባለው የቶዮታ ጭነት መኪና ላይም የተገጠመ ስለሆነ መካኒኩም ያውቀዋል፣ ሶማሌ ተራም ፋሻና ብሮንዚኒ የሚባሉትን የሞተር ውስጥ ዕቃዎች መፈለግ ተስፋ አለው። ፍሬኑንም አስቡ። ላንድሮቨሩ አራቱም እግር ታምቡር ነው፤ ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ማርሽ ቀንሳችሁ በሞተር ካልያዛችሁት ታምቡሩ ይግልና ፔዳሉ ይለሰልሳል። የኋለኞቹ ላንድክሩዘሮች ግን ከፊት ዲስክ አላቸው።

የላንድሮቨር ብሎን በኢንች ነው። ግማሽ ኢንቹን ብሎን በ13 ቁልፍ ሲታገሉት ጥርሱ ይበላል፣ ከዚያ በመሮ መምታት ይጀመራል። የተበሉ ብሎኖች ብዛት መኪናው በማን እጅ እንዳለፈ ይናገራል። ላንድክሩዘር ግን 10፣ 12፣ 14፣ 17 ቁልፍ የያዘ ማንም ይፈታዋል። ዕቃን በተመለከተ ለላንድሮቨር እዚህ መደርደሪያ ላይ የሚገኝ ጥቂት ነው፤ ውጭ አገር ግን ከትንሿ ጎሚኒ ጀምሮ አዲስ ስለሚሸጥ፣ ከእንግሊዝ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው በሻንጣ ያስመጣል። ቶዮታም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለ40ው የተቋረጡ አንዳንድ ዕቃዎችን እንደገና ማምረት ጀምሯል። በሁለቱም የጎደለ ዕቃ የሌለበትን፣ የማይነሣም ቢሆን፣ ሞተሩ እየተነሣ ግማሽ አካሉ ከተሸጠው አስበልጡ።

ካምፓኞላ የተባለው የፊያት ጂፕና የደርግ ዘመኑ የሶቪየት ጂፕ ዋዝ ርካሽ ሆነው ሲቀርቡላችሁ ያጓጓሉ። ሌላ ሁለተኛ መኪና ለዕቃ ገዝታችሁ ካላስቀመጣችሁ ግን ተዉት።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ምርጫችሁ ጠባብ ነው። ሲሪየስ ላንድሮቨር እዚያ በይፋ መሸጡን እ.ኤ.አ. በ1974 ስላቆመ፣ 40ው ግን እስከ 1983 ስለቀጠለ፣ በብዛት የምታገኙት ላንድክሩዘሩን ነው። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ከሚበተንባቸው ግዛቶች ከመግዛት ከአሪዞና ማስጫን ይሻላል።

አገር ቤት ላለ ገዢ የቀረው ወረቀት ነው። እነዚህ መኪኖች ብዙ ጊዜ ከመንግሥት ወይም ከእርዳታ ድርጅት በጨረታ የወጡ ናቸው፤ ቀረጥ ሳይከፈልባቸው ገብተው ከሆነ ስም ለማዛወር ስትሄዱ ነው የምትሰሙት። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን በዓይናችሁ እዩ። በሁለቱም ዓይነት የሻንሲው ቁጥር ከፊት በቀኝ በኩል ሻንሲው ላይ ተመትቷል፤ ጭቃውን በብረት ብሩሽ ጥረጉና ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። የሞተሩንም እንዲሁ፣ በተለይ ላንድሮቨር ላይ፣ ምክንያቱም ኮፋኖው ሲከፈት የሌላ መኪና ሞተር የሚገኝበት ጊዜ አለ። ቅያሬው ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ባለቤቱ ራሱ አስተካክሎ ይምጣ፣ ቀብዱም እስከዚያ ይቆይ።